አስካሪው ሙሐመድ ሑሴን
ደመወዙን የጠየቀ የአንድ ተራ ወታደር ታሪክ



ውድ አንባብያን፦ የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ እትም ከታሪክ አንድ ነገር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት እንደተለመደው ስለ ሱልጣኖች፣ ስለ ታላላቅ ዑለማዎች ወይም ስለ ዝነኛ የጦር መሪዎች ለመጻፍ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ እነርሱ የሚጽፍ አይጠፋም። ጦርነትን የሚያዝዙት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የሚዋጉት፣ የሚቆስሉትና የሚማረኩት ግን ስማቸውን የሚያነሳ የሌላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ብዙዎች መካከል ስለ አንዱ፣ በልጅነቱ ስለ ዘመተ፣ ስለ ተማረከና የሠራበትን ደመወዝ ሲጠይቅ ስለ ኖረ አንድ ሙስሊም ወታደር ላወጋችሁ ወድጃለሁ። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ።

አስካሪ ማን ነበር?

«አስካሪ» የሚለው ቃል መነሻው ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙ ወታደር ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ቃሉ ሲጠራ ልብን ይቆረቁራል። በአድዋ ጦርነትም ሆነ ከ1935 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ዘመን፣ በጣሊያን ባንዲራ ሥር ተሰልፈው የወጉን አፍሪካውያን በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። በ1896 ከአድዋ ድል በኋላ የተማረኩት ጣሊያናውያን በስምምነት ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ አብረዋቸው ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ እንደ ከሐዲ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው መቆረጡን ታሪክ መዝግቦታል። ስለዚህ አስካሪ ለነበረ ሰው ልባችሁ ቶሎ እንደማይራራ አውቃለሁ። የምለምናችሁ ፍርዳችሁን እስከ ጽሑፉ መጨረሻ ድረስ እንድታቆዩልኝ ብቻ ነው።

ጣሊያን በቀይ ባሕር ዳርቻ እንዳደረገችው ሁሉ፣ ጀርመንም ዛሬ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ የሚባሉትን አገሮች የያዘችው በአፍሪካውያን ወታደሮች ክንድ ነው። የባሕር ዳር ሕዝብ በአቡሺሪ ቢን ሳሊም መሪነት በጀርመኖች ላይ ከተነሳ በኋላ፣ በ1889 ሄርማን ፎን ቪስማን የተባለው የጀርመን መኮንን ወደ ካይሮ ሄዶ ከግብፅ ጦር የተሰናበቱ ሱዳናውያንን ቀጠረ። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ፤ አቡሺሪና ተከታዮቹም ሙስሊሞች ነበሩ። አቡሺሪ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ በስቅላት ተገደለ። ከ1905 እስከ 1907 ደግሞ «ማጂ ማጂ» በሚል ስም የሚታወቀው የገበሬዎች ዓመፅ ሲነሳ፣ አስካሪዎቹ በመኮንኖቻቸው ትእዛዝ መንደር አቃጠሉ፣ እህል አጠፉ። ከጥይቱ ይልቅ በኋላ የመጣው ረሀብ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ይህንን የማነሳው አስካሪነት ንጹሕ ሥራ እንዳልነበር ለመደበቅ ስለማልፈልግ ነው። የምናወራለትም ሰው የተወለደው በዚህ ሥራ ከሚተዳደር ቤተሰብ ነው።

የ10 ዓመት ልጅ በጦር ሜዳ

ማህጁብ ቢን አደም ሙሐመድ የካቲት 22 ቀን 1904 በዳሬሰላም ከተማ ተወለደ። በኋላ በአውሮፓ የታወቀው ባዩሜ ሙሐመድ ሑሴን በሚለው ስም ነው። አባቱ በጀርመን ጦር ውስጥ «ኤፈንዲ» የሚባለውን ማዕረግ የያዘ አስካሪ ነበር፤ ይህም ማዕረግ አንድ አፍሪካዊ በዚያ ጦር ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው ደረጃ ነበር። ልጁ ጀርመንኛ ቋንቋ ገና በሕፃንነቱ ተምሮ፣ ሊንዲ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ በአንድ ፋብሪካ በጸሐፊነት ይሠራ ነበር።

በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ አባትና ልጅ አብረው ለጦርነቱ ተመዘገቡ። ልጁ በዚያን ጊዜ 10 ዓመቱ ነበር። ውድ አንባቢ፣ እስቲ በመድረሳችሁ ከሚቀሩት ልጆች መካከል የ10 ዓመቱን ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ፊደልና ቁርኣን በሚለይበት ዕድሜ የጦር ሰው ሆነ ማለት ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ የጀርመንን ጦር የመራው ፓውል ፎን ሌቶ ፎርቤክ ነበር። ይህ አዛዥ በቁጥር ከእርሱ እጅግ የሚበልጠውን የብሪታኒያ፣ የቤልጂግና የፖርቱጋል ጦር አራት ዓመት ሙሉ ከጫካ ወደ ጫካ እያንከራተተ በመዋጋቱ በአውሮፓ ብዙ ተወድሷል። ውዳሴው የማይነግረን ግን ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ ነው። በአካባቢው ለጋማ ከብት የሚሆን አየር ስላልነበረ፣ ፈረሱም በቅሎውም በቆላ ዝንብ በሽታ ስለሚያልቅ፣ ስንቅና ጥይት የሚጓጓዘው በሰው ጭንቅላት ላይ ነበር። በብሪታኒያ በኩል ብቻ ከ40,000 በላይ ተሸካሚዎች መሞታቸው በመዝገብ የሰፈረ ሲሆን፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ሁለቱም ጦሮች ባለፉበት መንገድ የገበሬው ጎተራ ተራቁቶ ቀርቷል።

ማሂዋና ምርኮ

በጥቅምት ወር 1917 ከሊንዲ ወደ ውስጥ ገባ ብላ በምትገኘው ማሂዋ ላይ፣ ከ15 እስከ 18 ለአራት ቀናት ከባድ ውጊያ ተደረገ። በብሪታኒያ ወገን ከ2,000 በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ፤ በጀርመን ወገንም 500 ያህል። ለብሪታኒያ ከተዋጉት መካከል ከናይጄሪያ የመጡ ክፍሎች ነበሩ፤ በእነርሱም ውስጥ ብዙ የሐውሳ ሙስሊሞች ተሰልፈው ነበር። እንግዲህ በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ከወዲያም ከወዲህም «አላሁ አክበር» የሚሉ ሰዎች፣ ለማያውቁት የአውሮፓ ንጉሥ ሲሉ ይገዳደሉ ነበር ማለት ነው።

ከቆሰሉት አንዱ ይህ ልጅ ነበር። 13 ዓመቱ ነው። በብሪታኒያ ጦር እጅ ወድቆ የጦር ምርኮኛ ሆነ።

በዚያው ዘመን ጀርመን ውስጥ ይደረግ የነበረውን ነገር ብታውቁ ትገረማላችሁ። የኦቶማን መንግሥት በኅዳር 1914 ሙስሊሞች በብሪታኒያ፣ በፈረንሳይና በሩሲያ ላይ ጂሃድ እንዲያደርጉ ጥሪ አስተላልፎ ነበር፤ ጀርመንም የኦቶማን ወዳጅ ስለነበረች ጥሪውን ለራሷ ጥቅም ልታውለው ፈለገች። ስለዚህ ከጠላቶቿ ጦር የማረከቻቸውን ሙስሊሞች በርሊን አቅራቢያ በቩንስዶርፍ ለብቻ አሰፈረቻቸው። በ1915 በዚያ ሰፈር ውስጥ ሚናራ ያለው የእንጨት መስጊድ ተሠራ። ለሰላት በጀርመን ምድር የተሠራ የመጀመሪያው መስጊድ እርሱ እንደሆነ ይነገራል። መስጊዱ የተሠራው ግን ምርኮኞቹን አባብሎ ለሌላ ውጊያ ለማሰለፍ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፈረሰ። እዚያ ውስጥ የሰገዱት ሰዎች ሰላት ከልብ የመነጨ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ያሠሩት ሰዎች ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። የመስጊድ ኮሚቴ አባል ለሆነ ሁሉ ይህ ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም እላለሁ።

የሌቶ ፎርቤክ ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 25 ቀን 1918፣ ማለትም አውሮፓ ውስጥ ሰላም ከወረደ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዛሬ የዛምቢያ ግዛት በሆነችው ምባላ ነው። በዚያ ዕለት ከእርሱ ጋር የነበሩት አስካሪዎች ከአንድ ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ የብዙ ጊዜ ደመወዛቸው አልተከፈለም ነበር። ገንዘብ ስላልነበረ የተሰጣቸው ወደፊት እንደሚከፈላቸው የሚገልጽ ወረቀት ነው።

በርሊን፦ «ጊዜው አልፏል»

ልጁ ከምርኮ ተፈትቶ አድጎ በመርከቦች ላይ በአሽከርነት፣ ኋላም በ1925 በጀርመን የምሥራቅ አፍሪካ መስመር መርከብ ላይ በአስተናጋጅነት ተቀጠረ። አገሩም በብሪታኒያ ሞግዚትነት ሥር ወድቃ ነበር። በ1929፣ በ25 ዓመቱ፣ ወደ በርሊን ሄደ። የሄደበትም ጉዳይ ግልጽ ነበር፤ የራሱንና የአባቱን ያልተከፈለ የጦርነት ጊዜ ደመወዝ ለመጠየቅ ነው።

የጀርመን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሰጠው መልስ አጭር ነበር። ጥያቄው ዘግይቶ የቀረበ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም ተባለ።

ውድ አንባብያን፣ በሃይማኖታችን የሠራተኛን ዋጋ ማዘግየት እንኳ እንዴት ያለ በደል እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚህ ግን ያዘገየው ከፋዩ ሆኖ ሳለ፣ «ዘግይተሃል» የተባለው ተበዳሪው ሳይሆን አበዳሪው ነው። በልጅነቱ ለጥይት ሲቀርብ ዕድሜው እንዳልደረሰ የነገረው አልነበረም፤ ደመወዙን ሲጠይቅ ግን ጊዜው እንዳለፈ የሚነግረው ጸሐፊ ተገኘ።

ሑሴን ወደ አገሩ አልተመለሰም። በበርሊን እምብርት «ሃውስ ፋተርላንድ» በተባለው ትልቅ የመዝናኛ ቤት በአስተናጋጅነት ተቀጠረ። በተጨማሪም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ በአነስተኛ ክፍያ የስዋሂሊ ቋንቋ አስተማረ። በጥር 1933 አንዲት የጀርመን ተወላጅ አገባ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ አዶልፍ ሂትለር ሥልጣን ያዘ።

የደንብ ልብስ ለታይታ

ከዚህ በኋላ ያለው የሑሴን ሕይወት ለመስማት የሚከብድ ነው። በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ የጠፉትን ቅኝ ግዛቶች እናስመልስ የሚሉ ማኅበራት በርትተው ነበር። እነዚህ ማኅበራት በየስብሰባቸው «ታማኙ አስካሪ» እያሉ የሚያሞግሱት ጥቁር ወታደር ይፈልጉ ነበር፤ ሑሴንም የአስካሪ ልብሱን ለብሶ በመካከላቸው ይቆም ነበር። ልጅ ሳለ የቆሰለበት ልብስ አሁን የማስታወቂያ ልብስ ሆነ።

ይህን ያደረገው አምኖበት ነው ወይስ ለእንጀራው? ልቡን የሚያውቀው አላህ ነው። እኛ ግን ከሥራው አንድ ነገር ማየት እንችላለን። ይኸውም በጦር ግንባር ለተዋጉ ወታደሮች የሚሰጠውን የክብር ሜዳይ እንዲሰጡት ማመልከቻ አቀረበ፤ ከለከሉት። በ1935 ከአስተናጋጅነት ሥራው ተባረረ። በዚያው ዓመት የወጣው የዘር ሕግ በመጀመሪያ አይሁዶችን የሚመለከት ሲሆን፣ ወዲያው በጥቁሮችም ላይ ተፈጻሚ እንዲሆን ታዘዘ። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ለጦሩ ልመዝገብ ብሎ ጠየቀ፤ አሁንም አልተቀበሉትም። ደመወዙን፣ ሜዳዩን፣ መዝገቡን ደጋግሞ ጠየቀ። የሚጠይቀው ሁሉ አንድ ነገር ይመስለኛል፤ «አገልግያችሁ ነበር፤ እወቁልኝ» ነው። እነርሱ ግን ልብሱን እንጂ ሰውየውን አልፈለጉትም።

ከዚያም የፊልም ሥራ መጣለት። ከ20 በላይ በሆኑ የጀርመን ፊልሞች ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ሳይጠቀስ፣ አሽከር ወይም አስተናጋጅ ሆኖ ታየ። ትልቁ ድርሻው በ1941 በወጣው «ካርል ፔተርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ ነው። ካርል ፔተርስ ማን ነው ብትሉ፣ የሑሴንን አገር በ1880ዎቹ ለጀርመን የያዘ፣ አፍሪካውያንን በመስቀሉ ከመንግሥት ሥራው እስከ መባረር የደረሰ ጨካኝ ሰው ነበር። ፊልሙ ግን እንደ ጀግና ያቀርበዋል፤ ሐንስ አልበርስ የተባለ ዝነኛ ተዋናይ እርሱን ሆኖ ሲሠራ፣ ሑሴን ራማሳን የተባለውን ታማኝ መንገድ መሪውን ሆኖ ሠራ። የአገሩን ወራሪ በፊልም ላይ እየመራ አገባው ማለት ነው።

ዛክሰንሃውዘን

ፊልሙ በሚሠራበት ጊዜ ሑሴን ከአንዲት ነጭ ሴት ጋር ግንኙነት አድርጓል ተብሎ ተከሰሰ። ክሱ በጊዜው አነጋገር «ዘርን ማርከስ» ይባል ነበር። በ1941 ተይዞ፣ ችሎት ፊት ሳይቀርብ፣ ከበርሊን በስተ ሰሜን ኦራኒየንቡርግ ወደሚገኘው የዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ተላከ።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ይገባኛል። ባለ ትዳር ሰው ከትዳሩ ውጭ መሄዱ በሃይማኖታችን ጥፋት ነው፤ ሒሳቡም ከጌታው ጋር ነው። ያሰሩት ሰዎች ግን ስለ ትዳሩ ክብር ተቆርቁረው አልነበረም። ያን ዓይነት ሥራ ነጭ ቢሠራው ካምፕ አይወርድም ነበር። የቀጡት በቆዳው ቀለም ምክንያት ነው።

በ1917 የማረኩት ጠላቶቹ ነበሩ፤ ምርኮውም ማብቂያ ነበረው። በ1941 ያሰሩት ግን ደሙን ያፈሰሰላቸው፣ ቋንቋቸውን የተማረላቸውና ልብሳቸውን የለበሰላቸው ናቸው፤ ይህኛው ምርኮ ማብቂያ አልነበረውም። ሦስት ዓመት ከታሰረ በኋላ ኅዳር 24 ቀን 1944 እዚያው ሞተ። 40 ዓመቱ ነበር። ልጆቹም ከጦርነቱ አልተረፉም። አላህ ይዘንለት።

የዘገየው ክፍያ

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ የምዕራብ ጀርመን ፓርላማ በሕይወት ላሉት የቀድሞ አስካሪዎች ክፍያ እንዲሰጥ ወሰነ። ገንዘቡን ይዞ ወደ ታንዛኒያ የሄደ የባንክ ሠራተኛ በምዋንዛ ከተማ ቢሮ ሲከፍት፣ ብዙ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በ1918 የተሰጣቸውን ወረቀት ማሳየት የቻሉት ግን ጥቂቶች ነበሩ፤ አንዳንዱ የተቀዳደደ የደንብ ልብስ ይዞ መጣ፣ አብዛኛው ባዶ እጁን ነው። እንደሚተረከው፣ የባንኩ ሰው ለእያንዳንዱ ሽማግሌ መጥረጊያ ሰጥቶ በጀርመንኛ የጠመንጃ ሰልፍ ትእዛዝ ይሰጥ ጀመር። አንድም ሽማግሌ አልተሳሳተም ይባላል።

ይህን ታሪክ የሚያወሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ፈገግ እያሉ ነው። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ፈገግታው አይመጣልኝም። ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ሰው የላቡን ዋጋ ለማግኘት መጥረጊያ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲቆም ይታየኛል። ለሑሴን ደግሞ ያ እንኳ አልደረሰለትም።

በ2007 ማሪያን ቤሕሃውስ ጌርስት የተባሉ ጀርመናዊት ምሁር የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ ይኖርበት በነበረው ቤት ፊት ለፊት፣ በእግረኛው መንገድ ላይ፣ ስሙ የተጻፈበት አነስተኛ የነሐስ ሰሌዳ ተተከለ። በ2013 ደግሞ ስለ እርሱ ዘጋቢ ፊልም ተሠራ። በፊልሞች ዳር ላይ ስም ሳይኖረው የቆመው ሰው በመጨረሻ ስሙ ተጠራ።

እኛስ?

ውድ አንባቢ፣ ፍርዳችሁን እንድታቆዩ ለምኜ ነበር፤ አሁን ፍረዱ። እኔ በበኩሌ ሙሐመድ ሑሴንን ጀግና አልለውም፣ ሰማዕትም አልለውም። የወራሪን ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ነገር ግን ልብሱን ያለበሱት በ10 ዓመቱ ነው። ስሕተቱን ስንቆጥር የተበደለውን መዝለል፣ በደሉን ስናነሳም ስሕተቱን መደበቅ፣ ሁለቱም ከፍትሕ የራቁ ናቸው። ሙስሊም በወዳጁም በጠላቱም ላይ ሲመሰክር ሚዛኑን እንዳያዛባ ታዟል፤ ታሪክ መጻፍም ምስክርነት ነው።

ሩቅ አገር የሄድኩት ስለ ቅርቡ ለመናገር ነው። በመስጊዳችን በመጨረሻው ሰፍ ላይ ወንበር ይዘው የሚሰግዱትን አባቶች ተመልከቱ። አገራችን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ስንት ጦርነት እንዳየች ታውቃላችሁ። ከእነዚህ አባቶች መካከል የዘመተ አለ፣ የቆሰለ አለ፣ በሰው አገር ዓመታት ታስሮ የተመለሰ አለ። በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ ለመናገር የሚፈራም ይኖራል። ሰላምታ ሰጥተናቸው እናልፋለን፤ ጠይቀናቸው ግን አናውቅም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ በቤታችሁ ያለውን አዛውንት ጠይቁ፤ መቼ እንደ ዘመተ፣ የት እንደ ነበረ፣ ከማን ጋር እንደ ነበረ በወረቀት አስፍሩ። ሲጠይቁት የሚያለቅስ ቢሆን ታገሡት፤ ዝም ካለም አታስጨንቁት። ሁለተኛ፣ የጡረታ ደብተር፣ የምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ የመሳሰለውን በጥንቃቄ ያዙ፤ ወረቀት የሌለው ሰው መጥረጊያ ተሸክሞ እንዲቆም እንደሚደረግ አይታችኋል። ሦስተኛ፣ እኛም ለጥበቃችን፣ ለግንበኛችን፣ ለቤት ሠራተኛችን የምንከፍለውን ቀን አናሳልፍ። በሌላው መንግሥት የምናወግዘውን በቤታችን እንዳናደርገው።

አላህ የተበደሉትን ሐቅ ከማይዘነጉት ያድርገን፤ በየጦር ሜዳውና በየእስር ቤቱ ስማቸው ሳይጠራ ለቀሩትም ሁሉ ይዘንላቸው። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።